አጥንት ያልነበረበት ጉሮሮ

ጋምቤላ፣ ሚያዝያ ፲፱ ቀን ፲፱፻፹፰ ዓ.ም.

ለልጄ እናት፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ሰነበትሽ? ያ የራስ ምታትሽ ተወሽ ወይስ ዝናብ ሊመጣ ሲል አሁንም ይነሣብሻል? መቅደላዊትስ? ለማትሪክ ሌት ተቀን እያጠናች እንደሆነ እገምታለሁ፤ ከእኔ የወረሰችው አንድ ነገር ቢኖር ለፈተና መጨነቅ ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን የምልሽ ለወጉ ያህል አይደለም፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እውነት ስለሆነ ነው።

ፊደሎቼ ተንጋደው ብታዪያቸው አትገረሚ። በግራ እጅ መጻፍ እየተለማመድኩ ነው። በዚህ ዕድሜ አዲስ ነገር መማር ደግ ነው ይላሉ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ስለ አይዞን ልነግርሽ ነው። የጭነት መኪናው ሾፌር «ውሻ አልጭንም» ብሎ፣ መቅደላዊት አንገቱን አቅፋ ስታለቅስ፣ አንቺ ደግሞ ወደ እኔ ሳታዪ ጋቢና የገባሽበት ጠዋት በር ላይ የቀረው እሱ ነው። አሁን ታሟል። ለልጅቷ አትንገሪያት፤ ፈተናዋን ትጨርስ።

ነገሩ የጀመረው ከፋሲካ ቅርጫ ነው። ዘንድሮም እንደ ወትሮው የታረደው ወልደሥላሴ ግቢ፣ ማንጎው ሥር ነበር። ፋይናንስ የሚሠራውን፣ አጥር ላጥር የምንዋሰነውን ወልደሥላሴን መቼም አትረሺውም፤ ዛሬም ሥጋ ሲመደብ ከጎን ቆሞ «ያ መደብ ጉበት አነሰው» የሚለው እሱ ነው። በሬውን ከኢታንግ መርጦ ያመጣልን ፑዎክ ነው። ፑዎክን አታውቂውም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከማዶ ያለውን ቤት የያዘ ኑዌር አስተማሪ ነው። ጴንጤ ነው፣ ጾማችንን አይጾምም፣ ቅርጫ ግን ይገባል። ወልደሥላሴ በዚህ ሲነተርከው ይኖራል። ዘንድሮም ቢላውን እየሳለ «አንተ ሳትጾም ምኑን ነው የምትፈስከው?» ቢለው፣ ፑዎክ «አንተ ጾምክ፣ እኔ በሬ ነዳሁ። እኩል ደክመናል» አለው።

የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ማንጎው ሥር ተሰበሰበ። ውሻ ጾመኛና ጴንጤ አይለይም። ያን ሁሉ አንጀትና ቁርጥራጭ ተሻሙ፣ ደም ከታጠበበት አንድ ሳፋ ተራ በተራ ጠጡ፣ አፍንጫ ላፍንጫ ተሻሹ፣ ተናከሱ፣ ታረቁ። ወልደሥላሴም በሑዳዴ መጨረሻ ከመቱ ያስመጣውን ትልቅ ውሻ በዚያ ቀን ፈታው። ለመጋዘን ጠባቂ እያሉ የሚሸጧቸው ውሾች አይሱዙ ላይ ታጭቀው ሲመጡ ከመካከላቸው የወረደ ነው። ይህን ልብ በይልኝ።

በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን የውሾቹ ሳል ተጀመረ። ውሻው አንገቱን ወደፊት ይሰግጋል፣ እንደ ደነገጠ ዝይ ይጮኻል፣ መጨረሻ ላይ ሊያስመልሰው ሲል ነጭ አረፋ ይተፋል። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ጅራቱን ይቆላል። አንድ ውሻ፣ ሁለት ውሻ፣ በሦስተኛው ቀን ሰፈሩ በሙሉ። ሰው ሁሉ በአንድ ቃል ምን አለ መሰለሽ? አጥንት ተሰንቅሮበት ነው አለ። ፋሲካ ነዋ! አጥንት ጥለንላቸዋላ! አንድም ሰው ቆም ብሎ «የሰፈሩ ውሻ ሁሉ በአንድ ሳምንት እንዴት አጥንት ይሰነቀርበታል?» ብሎ አልጠየቀም። ባል የውሻውን መንጋጋ ይፈለቅቃል፣ ሚስት እጇን ትሰዳለች። አንዱ በሽቦ ሞከረ። ሌላው ቅቤ አጠጣ። እኔ ሠላሳ ዓመት የከብት ሐኪም ሆኜ እንደዚያ ሳምንት በሰው ጅልነት የተቃጠልኩበት ጊዜ የለም።

ለምን ያን ያህል እንደተናደድኩ ልንገርሽ። ያበደ ውሻም ሲጀምረው ልክ አጥንት የተሰነቀረበት ይመስላል። መንጋጋው ይላላል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል። አዛኙ ባለቤት አጥንት ሊያወጣለት እጁን ይሰዳል፣ ሞቱን ይዞ ይመለሳል። በሙያችን ለጀማሪ የምንነግረው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ የታነቀ በሚመስል ውሻ አፍ ውስጥ እጅህን አታግባ።

አሁን አንድ ሰው አለ። ስሙን አልጽፍልሽም። የተማረ ሰው ነው፤ ሌላው ቢሳሳት አንድ ሳምንት ሙሉ የሚቆጣ። ሳሉ በጀመረበት ቀን፣ ሌላው ውሻ መታመሙ ገና ሳይሰማ፣ ማምሻውን እኛ ቤት ነበር። አይዞን በረንዳው ላይ ሲታነቅ፣ ዓይኑ ሲጎለጎል አየ። ምን እንደነካው አላውቅም። ያን ሰዓት ያስተማረውም የተማረውም ጠፋበትና ቀኝ እጁን እስከ አንጓው ሰደደ። አጥንት የለም። ውሻው ደንግጦ አፉን ሲገጥም ጥርሱ የሰውየውን መዳፍ ቀደደው።

ኮከብ የምትባል ነርስ ከኋላችን ትኖራለች። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ረጅም ጊዜ ያጠበችው እሷ ናት። እያጠበች «ጋሼ፣ ይህን ሌላ ሰው ቢያደርገው ምን ይሉት ነበር?» አለችው። «ደደብ» አለ። «እኔ አልወጣኝም» አለች። ከዚያ ቀልዱን ትታ፣ የእብደት መከላከያው መርፌ ያለው አዲስ አበባ ስለሆነ በረቡዕ አውሮፕላን እንዲሄድ ለመነችው።

ሰውየው እምቢ አለ። ምክንያቱን ስሚው፤ ሞኝነት ብቻ አይደለም። በማግሥቱ ሌሎቹ ውሾች መሳል ሲጀምሩ ነገሩ ገባው። ይህ በሽታ ውሾች አንድ ላይ ሲታጎሩ ወይም ሲሰበሰቡ ከአንዱ ወደ አንዱ በትንፋሽ የሚተላለፍ ሳል ነው። ጉንፋን በይው። ውሾቹ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ጌታቸውን ያውቃሉ፤ ሁሉም አንድ ጊዜ የታመሙት አንድ ገበታ ስለበሉ ነው። እብደት እንዲህ ሰፈር ሙሉ በአንድ ሳምንት አይይዝም። ግን ለአይዞን ብቻውን፣ በእርግጠኝነት፣ መማል አይቻልም። የሚቻለው አንድ ነገር ነው፤ ውሻው ታስሮ አሥር ቀን ከቆየና ካልከፋበት፣ በቀደደው ሰዓት በምራቁ ውስጥ እብደት አልነበረም ማለት ነው። ስለዚህ ውሻው መሞት የለበትም። ቢገደል ሰውየው በምን ያውቃል?

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሰውየው አውሮፕላን ላይ ቢወጣ ከተማው ሁሉ ያየዋል። «እሱ እንኳ ፈርቶ ሄደ» ይባላል። በዚያው ቀን የሰፈሩ ውሻ በሙሉ መርዝ ይበላል፣ አይዞንም አብሮ። ስለዚህ ቁጭ አለ። ውሻው ውሃ መዋጥ ያቃተው ቀን ግን አንድም ሰዓት ሳይቆይ መንገድ እንደሚጀምር ለኮከብ ማለላት።

የሞተው የኮከብ ቡችላ ነው። ገና ጡት የተወ ነበር፤ ሳሉ ወደ ሳንባው ወረደበት። ለትንንሾቹ እንዲህ ይከፋል። የቡችላው ሞት በተሰማ ማግሥት «አጥንት ነው» ሲሉ የነበሩት ሁሉ «አብደዋል» አሉ። መሃል መንገድ የላቸውም። እነዚያው ማንጎው ሥር በሬ የተካፈሉት ሰዎች እዚያው ማንጎው ሥር ተሰበሰቡ፤ አሁን ደግሞ የሚካፈሉት መርዝ የተቀባ ሥጋ ነው። ወልደሥላሴ ሊቀመንበር ሆነ። መቼ ያልሆነበት ጊዜ አለ?

ለአንቺ አዲስ ነገር አይደለም፤ ክልል ሆነ ከተባለ ወዲህ እዚህ ያለን የደጋ ሰዎች ሻንጣችንን ከአልጋ ሥር አውጥተን በር ሥር አስቀምጠናል። ሰው እንዲህ ሲሆን ለሁሉም ነገር ጥፋተኛ ይፈልጋል። አንዱ ተነሥቶ በሽታውን ያመጡት ከከብት በረት የመጡ የኑዌር ውሾች ናቸው አለ። ፑዎክ ወደ መሬት አየ። እኔ ዝም አላልኩም። ምን እንደተናገርኩ አልጽፍልሽም፤ ድምፄን ታውቂዋለሽ።

ያዳነን ግን የእኔ ጩኸት አይደለም። የፑዎክ ሚስት ኛዌች አጥሩ ጋ ቆማ ትሰማ ነበር። በአማርኛም በኑዌርኛም አፏ አይያዝም። «ይህ የወልደሥላሴ ትልቁ ውሻ ከበዓል በፊት ጓሮ ታስሮ እንደ ሽማግሌ ይስላል! እህህ፣ እህህ! እኔ ማሽላ ስወቅጥ ሰምቼ ባሌን 'ወልደሥላሴ ቤት እንግዳ አለ፣ ሳል የያዘው፣ ለምን ሻይ አንጠራውም' አልኩት» አለች። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ወልደሥላሴ «የቆላ አቧራ ነው ብዬ ነው» አለ፤ አንገቱ ድረስ ቀላ። ያ ውሻ ከማንም በፊት የታመመ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ግን ከማንም በፊት ድኖ ማንጎው ሥር ተኝቶ ነበር። ሁሉም ዞሮ አየው። ያበደ ውሻ ታሞ አይድንም።

ወልደሥላሴ ግን በቀላሉ የሚረታ ሰው አይደለም። ፈገግ አለና «እብደት ካልሆነ፣ ያ ሰውዬ እጁን ለምን በጨርቅ ጠቀለለው?» አለ። ሰዉ በሙሉ ዞረ። ሰውየው እጁን ኪሱ ከተተ።

የመለሰለት ፑዎክ ነው። ቀስ ብሎ ተነሣና «አውሮፕላን ረቡዕ መጣ። ሄደ። እሱ እዚህ ነው» አለ። «ከእኛ ሁሉ በላይ ይህን በሽታ የሚያውቅ እሱ ነው። የተነካውም እሱ ነው። እሱ ካልሮጠ እኛ ምን ያስሮጠናል? አሥር ቀን ይለቅ። ከዚያ ውሻውን ካልወደዳችሁ የእኔንም አብራችሁ ግደሉ።»

አሥሩ ቀን እስኪያልቅ ይጠበቅ ተባለ። መርዙ ግን አልተጣለም፤ ወልደሥላሴ ጓዳ አለ። ዛሬ የተለያየነው በዚህ ነው።

አሁን ማታ ሆኗል። አይዞን እግሬ ሥር ነው፤ ያስላል፣ ያርፋል፣ ያስላል። ዛሬ ጠዋት ውሃውን አሽትቶ ተወው። ሲሞቅበት ነው የተወው ብያለሁ። ይህን ደብዳቤ መጻፍ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

አንቺ ጋቢና ከመግባትሽ በፊት ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? «አንተ ተሳስተህ ከመኖር ትክክል ሆነህ መሞት ትመርጣለህ። እንደዚህ ካለ ሰው ጋር ደግሞ ሌላው ሁልጊዜ የተሳሳተ ሆኖ ይኖራል» ብለሽኝ ነበር። ያን ጊዜ አረፍተ ነገሩ ረዘመ ብዬ አሰብኩ። ይኸው ነው ያሰብኩት። አሁን ያ ሰውዬ ከውሻው ጋር ቁጭ ብሎ ሳየው ቃልሽ አንድ በአንድ ይመጣብኛል።

ሚያዝያ ፳፬ ቀን

ደብዳቤውን ሳልልክ አቆየሁት። ምን ብዬ እንደምጨርሰው አላወቅኩም ነበር።

በእነዚህ ቀናት የሠራሁትን ልንገርሽ፤ ምናልባት መቅደላዊት አንድ ቀን ውሻ ታሳድግ ይሆናል። ቤት ለቤት እየዞርኩ የአንገት ሰንሰለት ሁሉ አስፈታሁ። ሰንሰለቱ ጉሮሮውን ሲስበው ሳሉ ይነሣል፤ ማሰር ግድ ከሆነ ገመዱ በደረቱ ይዙር አልኩ። የታመመውን ካልታመመው ለይቼ፣ ለያንዳንዱ የራሱን የውሃ ዕቃ አስያዝኩ። አታስሩጡት፣ አታስጩኹት፣ ለስለስ ያለ ምግብ ስጡት፣ ጠዋትና ማታ ትንሽ ማር አልሱት አልኩ። መድኃኒት የሰጠሁት ትኩሳት ለያዛቸውና መብላት ላቆሙት ብቻ ነው፤ ለሁሉም ይሰጠን ብለው ተቆጡኝ፣ እኔም ተቆጣኋቸው።

ከሁሉ ያስቸገረኝ የፑዎክ ቤት ነው። እንደ አገራቸው ልማድ ማታ ማታ ደረቅ እበት ያጨሳሉ፣ ለትንኝ ነው። ውሻቸው አመዱ ዳር ካልተኛ እንቅልፍ አይወስደውም። ጢስ ለሚያስል ጉሮሮ ምን እንደሆነ አስረድቼ ውሻውን ወደ ጓሮ አስወሰድኩት። በማግሥቱ ፑዎክ ክንዱን እያከከ መጣና «ዶክተር፣ ውሻው ጓሮ ብቻውን አለቀሰ፣ ኛዌች አዘነች፣ እሳቱን አጠፋች። አሁን ውሻው ደኅና ነው፣ ትንኝ የሚበላው እኔን ነው። ለእኔስ ምን ታዛለህ?» አለኝ። የእኛን ትርፍ አጎበር ሰጠሁት። የአንቺን ማለቴ ነው፤ ቅር አይበልሽ።

አሁን ስለዚያ ሌሊት። ደብዳቤውን አቁሜ መብራቱን ካጠፋሁ በኋላ ሰውየው አልተኛም። ውሃ ቀድቶ ያስቀምጣል፣ ይጠብቃል፣ ይደፋል፣ ሌላ ይቀዳል። ሻንጣውንም አዘጋጅቶ ነበር፤ ለካስ በር ሥር ያለው ሻንጣ ለዚህም ያገለግላል። የፈራው መሞትን ነው ብልሽ ልክ አልሆንም። የፈራው ትክክል ሆኖ መሞትን ነው፤ ማንም ሳይኖር፣ ማንም ሳይሰማው፣ ባዶ ቤት ውስጥ ትክክል መሆንን። ንጋት ላይ ዝናቡ መጣ፣ የዓመቱ የመጀመሪያው መሰለኝ፣ ቆርቆሮውን እንደ ጠጠር ደበደበው። አየሩ ቀዘቀዘ። አይዞን ተነሣ፣ ተንጠራራ፣ በረንዳው ጫፍ ሄዶ ከጣራው የሚወርደውን ውሃ በአፉ እየተቀበለ ጠጣ። ብዙ ጠጣ። ሰውየው ጎኑ ተንበርክኮ ሲውጥ ጉሮሮውን በእጁ ይዳብስ ነበር። ኮከብ ጃንጥላ ይዛ ልትጠይቅ ስትመጣ ሁለቱንም ረጥበው አገኘቻቸው። ተመልሳ ሄደች፤ ስታለቅስ ነው መሰለኝ።

ትናንት አሥሩ ቀን ሞላ። ውሻው አልሞተም፣ አላበደም። ሳሉ እንኳ ቀንሶ በቀን አንድ ሁለቴ ብቻ ሆኗል። ፑዎክ ቆጥሮ ኖሯል፤ ማልዶ በአጥሩ አናት «ዶክተር፣ ማን ሞተ?» ብሎ ጮኸ። ወልደሥላሴ ከሰዓት በኋላ መጣና መርዙን ጉድጓድ ውስጥ ጥሎ አፈር እንደመለሰበት ነገረኝ። ጥልቀቱን ጠየቅኩት። «እሱንም ልታርመኝ ነው?» አለ። ሄደን አብረን አየነው። ይበቃል አልኩት።

ሰፈሩ አሁን ሰውየውን ያወድሰዋል። «ትክክል ነበር፣ አልሮጠም» ይላሉ። እሱ ግን ደስ አላለውም። ስለ ሳሉ ትክክል ነበር፤ እሱ በመጻሕፍት ያለ ነገር ነው። አጥንት በሌለበት ጉሮሮ አጥንት ሲፈልግ ግን እንደማንኛውም ሰው ተሳስቶ ነበር። የሚወደው ነገር ሲታነቅ አይቶ ደንግጦ ተሳሳተ። ይህን ለወልደሥላሴም ለፑዎክም አልተናገረም። ለአንቺ ብቻ እንድነግርለት ለምኖኛል። ሌላም ብዙ የተሳሳትኩበት አለ፣ ጊዜ ቢሰጡኝ በቃሌ እናገራለሁ ይላል።

ሐምሌ ላይ ዕረፍት ይወጣል። አይሱዙው ውሻ የሚጭን ከሆነ ሁለት ሆነው ይመጣሉ፤ በር ላይ የሚቀር እንደሌለ አንድ መስመር ጻፊለት። ካልጻፍሽም አይቆጣም። ይህን መቼም እኔም ሳላየው አላምንም።

እግዚአብሔር ጤናሽን ይጠብቅልሽ፣ የራስሽን ሕመም ያርቅልሽ። ልጃችንን በፈተናዋ ይርዳት፣ ያላወቀችውን «አላውቅም» ብላ የማለፍ ጥበብ ይስጣት። ያለሽበትን ቤት ሰላም ያድርግልሽ።

የልጅሽ አባት

ይህን የመጨረሻውን መስመር በቀኝ እጄ ጻፍኩት። ጠባሳው ትንሽ ይይዘዋል እንጂ፣ እንደምታዪው ፊደሉ ቀጥ ብሏል።